መካከለኛ ተማሪ የጥርስ ሐኪም ለመሆን ይችላልን?

ባለፈው ዓመት አንድ መምህራችን እያንዳንዳችን ወደፊት ምን ለመሆን እንደምናስብ በክፍል ውስጥ ጠይቀውን ነበር። መልሱ ከፊተኛው ወንበር ጀምሮ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ እየተባለ ሲወርድ ቆይቶ ወደ እኔ ደረሰ። እኔም «የጥርስ ሐኪም» ብዬ ብመልስ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የሳቁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ በእኛ አገር የጥርስ ሐኪም ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ጉጠት ይዞ የሚነቅል ሰው ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው ግን ስለ ራሴ ነው፤ በዚያ መንፈቅ ከ58 ተማሪዎች መካከል 21ኛ ወጥቼ ነበርና፣ ከኋላዬ የተቀመጠው ጓደኛዬ «ሃያ አንደኛው ዶክተር» ብሎ ስም አወጣልኝ። ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በመጀመሪያው ሳቅ አልተቀየምሁም። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ ስለዚህ እንደኔ ያለ መካከለኛ ተማሪ ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ለመግባት ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ እውነቱን ለማወቅ ተነሣሁ። መምህራንን ጠየቅሁ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና የሚማረውን የአክስቴን ልጅም ለጥምቀት ሲመጣ ሁለት ቀን ሙሉ ይዤ መረመርሁት። ያገኘሁትን እነሆ ለክፍል ጓደኞቼና ለወላጆቻችን አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ግን ይህን ሙያ ለምን እንደ ተመኘሁ ልናገር። አያቴ የሚኖሩት በስማዳ፣ ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በኅዳር ወር አንድ የመንጋጋ ጥርሳቸው ታመመ። መጀመሪያ ቅርንፉድ ነከሱበት፤ አልተሻላቸውም። ቀጥሎ የመንደሩ ጥርስ ነቃይ ተጠርቶ በጉጠት ቢስበው የላይኛው ክፍል ተሰብሮ ሥሩ ውስጥ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ጉንጫቸው አብጦ አንድ ዓይናቸው ተከደነ፤ እንጀራ ይቅርና አጥሚት እንኳ መዋጥ አቃታቸው። በቃሬዛ ተሸክመን ወገዳ አወጣናቸውና ከዚያ በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ወሰድናቸው። ሐኪሙ መግሉን አፍስሶ መድኃኒት ሰጣቸው፤ እብጠቱ ሲጎድል ደግሞ በማደንዘዣ ሥሩን አወጣው። ይህ የመጨረሻው ሥራ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። እኛ ግን ለመኪናና ለማደሪያ ሁለት በግ ሸጥን፤ ያልታጨደውንም ጤፍ ነፋስ አረገፈው። ሐኪሙ እጁን ሲታጠብ ቆሜ አየሁትና፣ ይህ ሰው ወገዳ ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብሁ።

ጥርስ የሚበላሸው አባቶቻችን እንደሚሉት ትል በልቶት አይደለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከምግባችን የሚያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ልባስ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ቀዳዳው ነርቭና የደም ሥር ካሉበት ከውስጠኛው ክፍል ሲደርስ ሕመሙ ይነሣል፤ ከሥሩ ጫፍ አልፎ መግል ሲቋጥር ደግሞ እንደ አያቴ ያለ ነገር ይሆናል። በጊዜው የታየ እንደሆነ ግን ጥርሱ ተሞልቶ ይድናል እንጂ አይነቀልም። እንግዲህ የጥርስ ሐኪም ዋናው ሥራ መንቀል ሳይሆን እንዳይነቀል ማድረግ ነው።

ለእናቶች አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አካባቢ ሕፃን ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዘው ገና ያልወጣውን የወተት ጥርስ ከድዱ ውስጥ ፈልፍሎ የማውጣት ልማድ አለ። ሕፃኑ ጥርስ በሚያበቅልበት ወራት መዳህ ስለሚጀምርና ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚከት ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ጥፋቱ ግን በጥርሱ ይመካኛል። በመፈልፈሉ ምክንያት ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ እምቡጥ አብሮ ሊጎዳ፣ ቁስሉም ሊመረቅዝ ይችላል። ይህን ቤት ለቤት ዞሮ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን የሚያህል ሰው የአፍና የጥርስ ሕመም እንዳለበት ገልጿል። ያው ድርጅት በአፍሪካ ለ10,000 ሰው የሚደርሰው የጥርስ ሐኪም 0.33 ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ይኸውም ለ30,000 ሰው አንድ ማለት ነው። ከዓለም አማካይ ጋር ሲነጻጸር አንድ አሥረኛው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። መካከለኛ የሚባለው ማን ነው? እኔ በክፍሌ መካከለኛ ነኝ። ነገር ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ከግማሽ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በዚያ ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። እንግዲህ በአገራችን መካከለኛው ተማሪ ወዳቂ ነው! ከ600 ነጥብ 300 ያመጣ ሰው ራሱን መካከለኛ ቢል ሐሰት ነው፤ ከመቶ ዘጠና የሚሆኑትን በልጧልና። ስለዚህ የጥርስ ሕክምና የሚያስበው መካከለኛ ተማሪ በመጀመሪያ መካከለኛነቱን መተው አለበት፤ ከዚያ በኋላ ባለፉት መካከል መካከለኛ ቢሆን አይጎዳውም። ይህን ሳውቅ ሁለት ቀን ያህል መጽሐፍ አልገለጥሁም፤ ደንግጬ ነበር።

ድንጋጤዬ ያለ ምክንያት አልነበረም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ፣ ከዚያም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ግጭት ሲነሣ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለን ብዙ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተለይተን ቆይተናል። እኔ የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪን አጋማሽ ያነበብሁት ብቻዬን፣ ከብት እየጠበቅሁ ነው። ፈታኙ ግን ይህን አይጠይቅም።

በአሜሪካ ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ ኮሌጅ ይማራል፤ ልዩ ፈተና ይወስዳል፤ ስለ ራሱ ጽሑፍ ይጽፋል፤ በቃልም ይጠየቃል። ነጥቡ መካከለኛ የሆነ ሰው በጽሑፉና በአንደበቱ ሊካስ ይችላል። በእኛ አገር በአብዛኛው የሚናገረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ይህ ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን የገበሬ ልጅንና የሚኒስትር ልጅን በአንድ ሚዛን ስለሚያስቀምጥ እኔ አልጠላውም።

የመጀመሪያው መሰናክል ብዙ ሰው የማያስበው ነው። የጥርስ ሕክምና በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። ጎንደር፣ ጅማና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ፤ ሐኪም ቤትና ነርስነት የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ግን የጥርስ ትምህርት ቤት አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ጊዜ ለእናቴ ቅርብ ይሁንልኝ ብሎ የመረጠ ተማሪ፣ ሳያውቀው በሩን በገዛ እጁ ሊዘጋ ይችላል። ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ነገር እንዳትቆጡን እለምናለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚያስፈትን፣ እዚያ ለመግባት የሚፈልግ በሁለት ፈተና ማለፍ አለበት።

ሁለተኛው ነገር የመካከለኛው ተማሪ ተስፋ ያለበት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ወዲያው ትምህርት ክፍል አይመደብም፤ ፍሬሽማን በሚባለው ጊዜ ከሌሎች ጋር የጋራ ትምህርት ይማራል። ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ያመጣው ነጥብና የፍሬሽማን ውጤቱ ተደምሮ ይወዳደራል። የሁለቱ ድርሻ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ለሴቶችና ለአንዳንድ ወገኖችም ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጥበት አለ። ለምሳሌ ያህል ግን ግማሽ በግማሽ ነው ብለን እናስላ።

አንደኛዋ ተማሪ በብሔራዊ ፈተና ከ600 444 አመጣች እንበል፤ ይህ ከ50 ሲታሰብ 37 ነው። በፍሬሽማን 3.1 አመጣች፤ ይህም ከ50 38.75 ይሆናል። ድምሩ 75.75 ነው። ሁለተኛው ተማሪ 372 ብቻ አመጣ፤ 31 ማለት ነው። በፍሬሽማን ግን 3.7 አመጣ፤ 46.25 ነው። ድምሩ 77.25 ይሆናል። በ72 ነጥብ ተበልጦ የገባው በአንድ መንፈቅ ቀደመ! ይህን ሒሳብ ለሒሳብ መምህራችን አሳይቼ ትክክል ነው ብለውኛል።

ደግሞም ሌላ ነገር ልብ በሉ። የፍሬሽማን ትምህርት ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ብቻ አይደለም፤ ሎጂክ፣ ሥነ ልቦና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛም አለበት። ብዙ ተማሪ «ጂኦግራፊ ለጥርስ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ይንቀዋል። ሰባት ትምህርት እያንዳንዱ በሦስት ክሬዲት ቢወሰድና በአንዱ በኤ ፈንታ ሲ ቢመጣ፣ አማካዩ 0.29 ያህል ይወርዳል። ከላይ ባሰላነው ሚዛን ይህ በብሔራዊ ፈተና 43 ነጥብ እንደ መጣል ነው። የአክስቴ ልጅ በ12ኛ ክፍል 17ኛ ነበር፤ ያለፈው ግን በሎጂክና በጂኦግራፊ እንደሆነ ነግሮኛል። ዶርም ውስጥ የነበሩት ጎበዞች ብሔራዊ ፈተናውን አልፈናል ብለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ኳስ ሲያዩ እሱ ያነብብ ነበር።

ትምህርት ክፍል ሲመረጥ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነጥብ ያለው በቅድሚያ ያነሣል። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ደግሞ አጠቃላይ ሕክምናን ስለሚያስቀድሙ፣ የጥርስ ሕክምና ቦታ አንዳንድ ጊዜ ለተከታዮቹ ይተርፋል። ሆኖም ቦታው ጥቂት ነው። «ሌላ ሲጠፋ እሱን እይዛለሁ» የሚል ሰው ተራው ሲደርስ ላያገኘው ይችላል፤ ቢያገኘውም ሳይወደው ብዙ ዓመት ይቀመጥበታል።

ከግማሽ በታች ያመጣ ተማሪም ፈጽሞ አልተዘጋበትም። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚወስነውን ነጥብ ያመጣ ሪሚዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ገብቶ፣ ካለፈ በሚቀጥለው ፍሬሽማን ይሆናል። ነገር ግን ብሔራዊ ነጥቡ ዝቅ ብሎ ስለሚቆይ በዚህ መንገድ ወደ ጥርስ ሕክምና መድረስ ዳገቱ የጉና ነው።

ስለ ወጪ አባቴ ጠይቆኝ ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት የሚባል ደንብ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ተማሪው ውል ፈርሞ ይማርና ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይከፍላል። አባቴ «እንግዲያው በሬዎቹን አልሸጥም» ብሎ ደስ አለው።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ብርቱ ጥያቄ አቀረበልኝ። «ሃያ አንደኛ ለወጣ ሰው አፌን እከፍታለሁን?» አለኝ። ሳቅሁ እንጂ ወዲያው አልመለስሁለትም፤ ጥያቄው የሕመምተኛ ጥያቄ ነውና ክብር ይገባዋል። በኋላ ሳስበው መልሱ እንዲህ ነው። በ12ኛ ክፍል የተገኘው ተራ የሚወስነው ማን እንደሚገባ ነው እንጂ ማን እንደሚመረቅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ የጤና ባለሙያም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለፍ አለበት። እዚያ ሃያ አንደኛም አንደኛም የሚለካው በአንድ መስፈርት ነው። ደግሞም የጥርስ ሥራ የእጅ ሥራ ነው፤ በመስተዋት ወደ ኋላ እያዩ በሚሊ ሜትር መሥራት በፊዚክስ ፈተና አይለካም።

የአክስቴ ልጅ ጀማሪዎች የጥርስን ቅርጽ እንዲያውቁ ከሰምና ከሳሙና እየቀረጹ ይለማመዳሉ ቢለኝ፣ እኔም በቢላዋ ሞከርሁ። የመጀመሪያው ድንች መሰለ። ሁለተኛው ሥሩ ላይ ተሰበረ፤ ልክ እንደ አያቴ። አምስተኛውን የታችኛውን መንጋጋ ከሁለት ሥሩ ጋር አውጥቼ ለገና ወደ ቆላ ስወርድ ለአያቴ አሳየኋቸው። አገላብጠው ሲያዩት ቆዩና ምላሳቸውን ወደ ባዶው ቦታ ሰደድ አድርገው «ይኼን ታዲያ መቼ ትተክልልኛለህ?» አሉኝ። ከስምንት ዓመት በኋላ ብዬ መለስሁ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር።

እናቴ ግን ሳሙናው ስላለቀባት እስከ አሁን ተቆጥታኛለች፤ እኔም የ10ኛ ክፍል ኬሚስትሪን እንደገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሬያለሁ።