የጭነት ግመል ጀርባ አጠባበቅ

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ከአሳል ሐይቅ ይደርሳል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ስለ ሆነ በአፍሪካ ምድር ከእርሱ የሚወርድ ስፍራ የለም። በዳርቻው የሚገኘውን ጨው የአፋር ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ሲያወጡ ኖረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ከጅቡቲ ሥራው የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬ ዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ብዙው የወደብ ዕቃ ከሲራራ ነጋዴ እጅ ወጣ። ሐዲድ ባልደረሰበት በረሃ ግን ጨው ተሸካሚው ግመል ሆኖ ቀረ።

ሰረገላ የሚስበው ፔርሼሮን የተባለው ታላቁ የፈረንሳይ ፈረስ በጉልበቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን በሙቀት ሲሠራ በየቀኑ ከ50 ሊትር የማያንስ ውሃ ስለሚሻ ለዚህ አገር አይስማማም። ግመል የክብደቱን ሩብ የሚያህል ውሃ ከሰውነቱ ቢያጣም ይታገሣል፤ ውሃ ሲያገኝም በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ100 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል።

ይህ ትዕግሥቱ ግን ባለቤቱን እንዳያታልል ያስፈልጋል። በሻኛው የሚከማቸው ስብ እንጂ ውሃ አይደለም። ግጦሽ ሲጠፋ ሻኛው ይጎድላል፤ ትናንት ልክ የነበረው የጭነት ኮርቻም ዛሬ አጥንቱን ይጫነዋል። በተጫነው ስፍራ ደም መዘዋወሩን ሲያቆም ሥጋው ከቆዳው በታች ይሞታል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ገጣባ ሆኖ ይፈነዳል። እንግዲህ ቁስሉ ለዓይን ሳይታይ ጉዳቱ አስቀድሞ ተፈጽሟል ማለት ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው ከመጫን በፊት ይሁን። አንደኛ፥ ጀርባውን በመዳፍ መዳሰስ፤ እብጠት ወይም ትኩሳት ቢገኝ፥ እንስሳውም ቢሸሽ፥ አለመጫን ነው። ሁለተኛ፥ ሻኛው በጎደለ ጊዜ የኮርቻውን መደላድል ማወፈርና ጭነቱን መቀነስ ነው። ሦስተኛ፥ የግራና የቀኙን ጭነት ማስተካከል ነው፤ አንዱ ወገን ከከበደ ኮርቻው እየተሳበ ቆዳውን ይልጣልና። አራተኛ፥ በሰፈር ጊዜ ላቡንና የጨው ብናኙን ከጀርባውና ከመደላድሉ ማራገፍ ነው።

ገጣባው ከፈነዳ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ማጠብ፥ ዝንብም መከላከል ይገባል። ቁስሉ ከጠለቀ ወይም ከሸተተ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው። በጋለ ብረት መተኮስ የኮርቻውን ጉድለት ስለማያቀና ሥቃይ ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም። ፍቱኑ መድኃኒት ዕረፍት ነው።

እርግጥ ነው፥ ገዢ እየጠበቀ ግመልን ማሳረፍ ለድኻ ነጋዴ ከባድ ነው። ሆኖም ግመሉን ያሳረፈ የሚያጣው የአንድ ጉዞ ትርፍ ሲሆን፥ በቁስሉ ላይ የጫነ ግን የሚያጣው የቤተ ሰቡን መተዳደሪያ ነው።