ግንበኛ መምረጥና ውል መጻፍ

በላስታ የቤት ሥራ የበጋ ሥራ ነው። አዝመራው ከገባ በኋላ ድንጋይ ይጋዛል፤ ጭቃ ይቦካል። ዱሮ አብዛኛው ሥራ በደቦ ነበር። ባለቤቱ ጠላና እንጀራ ያቀርባል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ይሠራል። በደቦ የሠራ ሰው ነገም እዚያው መንደር ነው። ግድግዳው ቢያዘነብል ሰው ሁሉ ያየዋልና ሥራውን አያበላሽም።

ዛሬ ግን በሣር ፈንታ ቆርቆሮ ማልበስ በዝቷል። ለዚህም ግንበኛና አናጢ በገንዘብ እንቀጥራለን። የተቀጠረው ሰው የሌላ ቀበሌ ሰው ሊሆን ይችላል። ቀብዱን ተቀብሎ ቢጠፋስ? ጣራው ተነሥቶ ሳለ ክረምት ቢገባስ? የጭቃ ግንብ ጣራ ከሌለው የሐምሌን ዝናብ አይችልም። የዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት ይናዳል።

ታማኝ ግንበኛ በምን ይታወቃል? በአፉ አይታወቅም፤ በሠራው ቤት ነው። «የማንን ቤት ሠርተሃል?» ብለን እንጠይቀው። ሦስት ቤት ቢጠራልን ሦስቱንም ሄደን እንይ። አዲስ ቤት ሁሉ ያምራል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ክረምት ያለፈበትን እንምረጥ። ማዕዘኑ ላይ ድንጋዮቹ ተቆላልፈዋል ወይ? ረጃጅም ድንጋዮች የግድግዳውን ውጭና ውስጥ አስረውታል ወይ? ከጣራ የሚወርደው ውኃ ግድግዳውን ይመታዋል ወይስ ርቆ ይወርዳል? የቤቱን እመቤትም እንጠይቅ። ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ ከሁሉ ቀድማ የምታውቀው እርሷ ናት።

ጥገና ሁሉ ጥገና አለመሆኑን ላሊበላ ራሷ አይታለች። ውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹ በአንድ ወቅት ሲጠገኑ ድንጋዩ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ የሕንፃ ባለሙያ የመራው ሌላ ጥገና ተጀመረ። ያን ጊዜ ባለሙያዎቹ የቀድሞውን ልባስ ከድንጋዩ ላይ ማንሣት ነበረባቸው። ያለ ቦታው የገባ ዕቃ ሁለት ጊዜ ያስወጣል፤ አንዴ ለመቀባት፣ አንዴ ለመፋቅ።

በእኛም ቤት እንዲሁ ነው። «የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ልለስንልህ፤ ከተማ ይመስላል» የሚል ግንበኛ አይጠፋም። ሲሚንቶ ግን ከጭቃ ጋር ደህና አይያያዝም። ቆይቶ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባና ከኋላው ያለውን ጭቃ ያበላሻል። «ይህ ለዚህ ቤት አይሆንም» ብሎ የሚመክረን ሰው ሁሉን ይቻላል ከሚለው ይሻላል።

ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ስለ ሥራ ተቋራጭ ይናገራል። ተቋራጭ ማለት ሥራውን በቁርጥ ዋጋ የተቀበለ ሰው ነው። ቤቱን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለሥራው ጥንካሬ ኃላፊ ነው። «መሬቱ ነው የከዳኝ» ቢልም አያድነውም። ነገር ግን ማን ምን ለመሥራት እንደተዋዋለ የሚያስረዳ ከሌለ ዳኛው ምን ይዞ ይፍረድ? በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል።

«ዘመዴ ነው፤ ወረቀት ማውጣት ነውር ነው» የሚሉ አሉ። ነውሩስ ኋላ ከዘመድ ጋር ሽማግሌ ፊት መካሰስ ነው። ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«እኔ እገሌ ባለቤቱና እኔ እገሌ ግንበኛው ዛሬ ጥር 15 ቀን ይህን ውል ተዋውለናል። ግንበኛው የምሥራቁን ግድግዳ እስከ መሠረቱ አፍርሶ በድንጋይና በጭቃ ይገነባል፤ ጣራውንም ቆርቆሮ ያለብሳል። እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ይጨርሳል። ድንጋይ፣ እንጨት፣ ቆርቆሮና ምስማር ከባለቤቱ፣ መሣሪያና ረዳት ከግንበኛው ነው። የእጅ ዋጋው ሲሶው መሠረቱ ሲያልቅ፣ ሲሶው ግድግዳው ሲያልቅ፣ የቀረው ሲሶ ጣራው ውኃ አለማስገባቱ ከታየ በኋላ ይከፈላል።»

ዓመተ ምሕረቱ ከቀኑ ጋር ይግባ፤ ዋጋው በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ። ቀብድ ተሰጥቶ ከሆነም ስንት እንደሆነ ይጠቀስ። ከመፈረም በፊት አንዱ ጮክ ብሎ ያንብበው። ከዚያ ሁለቱ ተዋዋዮችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። ውሉ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱን ባለቤቱ፣ ሌላውን ግንበኛው ይያዝ። ባዶ ቦታ የቀረበት ወረቀት ላይ ግን ማንም አይፈርም፤ መጀመሪያ ባዶው በመስመር ይዘጋ።