ሞተር ለምን ይቃጠላል?

ኢንዱስትሪ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። በብቸናና በሞጣ ግን ለሕዝቡ የቀረበው ኢንዱስትሪ ወፍጮ ቤት ነው። ሞተሩ ከተቃጠለ ጤፍ ያዘለችው እናት ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ትኳትናለች፤ አለዚያ ወደ መጇ ትመለሳለች።

ባለ ሦስት ፌዙ ሞተር ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በ1889 እ.ኤ.አ. የሠራው ዓይነት ነው። ብሩሽ የለውም፤ የሚፋተገው ኩሽኔታው ብቻ ነው። ታዲያ ምን ይጎዳዋል? ሙቀት ነዋ! ከተወሰነለት ሙቀት በላይ 10 ዲግሪ በጋለ ቁጥር፣ በመዳብ ሽቦው ላይ የተቀባው መከላከያ ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር መሐንዲሶች ያስባሉ።

የዱቄት ብናኝ የሞተሩን አካል ሸፍኖ ሙቀቱን ያፍናል። ይህስ በመጥረጊያ ይወገዳል። ክፉው የአንድ ፌዝ መቋረጥ ነው። እየዞረ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ በቀሩት ሁለት ፌዞች እያጓራ ይታገላል፣ ከመጠን በላይ ከረንት ይስባል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሸታል። ባለ ወፍጮው «ጉልበት አነሰው» ብሎ እህሉን ይቀንስለታል እንጂ አያጠፋውም!

የተቃጠለው ይጠቀለላል፤ ግን አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት በኃይለኛ እሳት ከተለበለበ የብረት እምብርቱ ተጎድቶ ከበፊቱ ይልቅ ይግላል። በእኛ አስተያየት ርካሽ ገዝቶ በየጊዜው ከማስጠቅለል፣ ፌዝ ሲጎድል ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ ማስገጠሙ ያዋጣል።

ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ኤሌክትሪክን በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ባናስተምር ምን ይመስላችኋል? ወፍጮ ቤቱ ቅርብ ነው። ቮልቱ፣ አምፔሩና ኪሎዋቱ ሞተሩ ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ቆርቆሮ ተጽፈዋል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያንብቡ።