መርዶ ያልደረሳት ሚስት
የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፦ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 30



ጦርነት ሲወራ የአዛዡ ስም፣ የተያዘው ከተማና የተማረከው መሣሪያ ይነገራል። ከጦር ሰፈሩ አጠገብ ጎጆ ቀልሳ ልጅ የምታሳድገው የወታደሩ ሚስት ግን አትነሣም። የእግዚአብሔር ቃል አልረሳትም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ስለ ወታደሩ ቤተሰብ እናጠናለን። እባካችሁ አስቀድማችሁ ምዕራፉን በሙሉ አንብቡ።

ሀ. ጺቅላግ

ዳዊትና 600 ሰዎቹ ከፍልስጥኤማውያን ሰፈር ሲመለሱ ጺቅላግ ተቃጥላ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸውም ተማርከው አገኙ። ኃይል እስኪያጡ ድረስ አለቀሱ። ሐዘናቸው ወደ ቁጣ ተለወጠና ዳዊትን ሊወግሩት ተነጋገሩ። እርሱ ግን በአምላኩ በረታ፤ ጠየቀ፤ ፍለጋም ወጣ። እንግዲህ የሠራዊት ሰው ቤተሰብ በጦርነት መካከል መግባቱ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም።

ለ. ምጽዋ፣ 1982 ዓ.ም.

በአገራችንም ይህ ደርሷል። የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ በቀይ ባሕር ወደብ በምጽዋ ላይ ማጥቃት ጀመረ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የየብሱ ክፍል ተያዘ። የቀረው ሠራዊት በብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ መሪነት፣ ከየብሱ ጋር በድልድይ መንገድ ወደተያያዘችው ወደ ጡዋለት ደሴት አፈገፈገ። ሲቪሎችም ከሠራዊቱ ጋር ተከበቡ። ጄኔራሉና ብዙ ወታደሮች በዚያው ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ተማረኩ። ከተማይቱ ከተያዘች በኋላ የመንግሥት አውሮፕላኖች ደበደቧት፤ ብዙ ነዋሪዎች ሞቱ፣ የእርዳታ እህልም ተቃጠለ። ወደቡ ለአንድ ዓመት ያህል ለእርዳታ መርከብ ዝግ ሆኖ በመቆየቱ በሰሜን የተራበው ሕዝብ ተጎዳ። የአንዱ ጦር ሜዳ እሳት የስንቱን ጓዳ እንዳቃጠለ ልብ በሉ።

ሐ. ከባሕር እስከ ጣና ዳር

ይህ ነገር ደልጊን ምን አገናኘው? በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ ከየገጠሩ ወጣቶች ለውትድርና ተወሰዱ። ውሃ ሲባል ጣናን ብቻ የሚያውቅ ልጅ፣ ከበውት ሳለ ከማይጠጣ ውሃ ዳር ቆመ። አንዳንዶቹን ሚስቶቻቸው ተከትለዋቸው ሄዱ።

በደልጊ ከምናውቃቸው እናቶች አንዲቱ ባለቤቷን ተከትላ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የወረደች ናት። በውጊያው ማግስት ልጅዋን አዝላ ወጣች፤ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ወደ አገሯ ገባች። ባለቤቷ ሞተ ያላትም፣ ተማረከ ያላትም የለም። መርዶ ስላልመጣ ድንኳን አልተተከለም፤ ዕድሩም ደንቡ ስለማይፈቅድ ገንዘብ አልሰጠም። እርሷም፣ «መርዶ ሳይነገረኝ እርሜን አላወጣም» ብላ ይኸው ከ30 ዓመት በላይ ሆናት። ባል እንዳላት ሴት እንዳትኖር ባል የለም፤ እንደ መበለት እንዳትረዳ የሞቱ ማስረጃ የለም። ያ የታዘለው ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

መ. የምንማራቸው ሦስት ነገሮች

1. እንጀራ ከጥያቄ ይቀድማል። የዳዊት ሰዎች በሜዳ የወደቀ ግብጻዊ አገኙ። ጌታው አማሌቃዊ ሲታመምበት ጥሎት ስለ ሄደ ሦስት ቀንና ሌሊት ምንም አልቀመሰም ነበር። እንጀራ፣ ውሃ፣ የበለስ ጥፍጥፍና ዘቢብ ሰጡት። ዳዊት «የማን ነህ?» ብሎ የጠየቀው ነፍሱ ከተመለሰች በኋላ ነው። እኛስ የተራበችን ሴት ባሏ ለማን እንደተዋጋ ካልሰማን እጃችን አይዘረጋምን?

2. ፍለጋ የእምነት ሥራ ነው። ዳዊት አልቅሶ አልተቀመጠም። ቀይ መስቀል በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው። ፊደል ለማታውቅ እናት ስምን፣ የትውልድ ቦታንና የክፍሉን ቁጥር ጽፎ ማድረስ ቀላል መስሎ የሚታይ ትልቅ አገልግሎት ነው።

3. ጓዝ ጠባቂውም ድርሻ አለው። 200 ሰዎች ደክመው በቦሦር ወንዝ ቀርተው ነበር። ዳዊት ግን ለዘመተውና ለቀረው እኩል እንዲካፈል ሥርዓት አደረገ። ቤት የጠበቀች፣ ልጅ ያሳደገች ሴት ከዚህ ሥርዓት ውጪ ልትሆን አይገባም።

በደልጊ ይህን ከጎረቤቶቿ አይተናል። አብዛኞቹ የዕድሩ አባላት ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። ገንዘቡን ደንብ ቢከለክላቸውም ማገዶ ያቀብሏታል፤ በየካቲት ቡና አፍልተው አብረዋት ይቀመጣሉ። ስለ እርሱ ስታወራ አያቋርጧትም። እኛም እህል ይዘን ስንሄድ ከእነርሱ አጠገብ መቀመጥን ተምረናል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ፣ መርዶ የምትጠብቅ ሚስት በየሰፈሩ በዝታለች። በሁሉም ወገን አለች። ስለዚህ ይህ ትምህርት ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ለውይይት

1. በሰፈራችን የጠፋባትን ሰው የምትጠብቅ እናት አለችን? ስሟን እናውቃለንን?
2. የዕድራችን ደንብ መርዶ ላልመጣለት ቤት ምን ይላል? ሊሻሻል ይችላልን?
3. ከጠላት ወገን ነው ብለን ያለፍነው ችግረኛ አለን?

ለጸሎት

ያሉበት ስላልታወቀ ወታደሮችና ስለሚጠብቋቸው ቤተሰቦች፣ በምጽዋ የሞቱባቸውን ስለሚያስቡ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን፣ እንዲሁም ስለ አገራችን ሰላም በአንድነት እንጸልይ።