ለፊልምም ለጌምም የሚሆን ቴሌቪዥን

ጥያቄ፦ እኔ ማታ ማታ ፊልም አያለሁ፤ ልጆቼ ፕሌይስቴሽን 5 ይጫወታሉ። ሶፋችን ከቴሌቪዥኑ 2 ሜትር ያህል ይርቃል። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ለዚህ ርቀት 55 ኢንች ባለ 4ኬ ይበቃዎታል። መብራት አጥፍተው የሚያዩ ከሆነ ኦሌድን ያስቀድሙ፤ እያንዳንዷ ነጥብ ለብቻዋ ስለምትጠፋ የጨለማ ትዕይንት ግራጫ አይሆንብዎትም። ሳሎንዎ ቀን ፀሐይ የሚበዛበት ከሆነ ግን ደማቅ ኤልኢዲ ይሻላል።

ለጌሙ፣ 120 ኸርዝ ስክሪንና ኤችዲኤምአይ 2.1 መሰኪያ እንዳለው ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ ቴሌቪዥን ካሉት መሰኪያዎች ይህን የሚችለው በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ ነው። ልጆቹ ሲጫወቱ «ጌም ሞድ» ይብራ፤ አለዚያ ልጆቹ ቁልፍ ከተጫኑ በኋላ ምስሉ ይዘገያል። ለፊልም ወደ «ሲኒማ» ይመልሱት።

ገንዘቡ ካጠረዎት ኢንቹን ይቀንሱ እንጂ ጥራቱን አይቀንሱ።