ከኮርቻው ሥር ምን አለ?

የወሩ ትምህርት
የሚነበበው ክፍል፦ ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 በሙሉ

የተወደዳችሁ እህቶቼ፣ እሑድ እየወጣችሁ አብራችሁን ለምታመልኩም፣ በር ተቆልፎባችሁ ይህችን ወረቀት ቆሻሻ ልትጥሉ ስትወርዱ ከጓደኛ እጅ ለምትቀበሉም ሰላምታዬ እኩል ይድረሳችሁ።

ባለፈው ወር በጥናት ሰዓት አንዲት እህት ጥያቄ ጠየቀች። «ማዳም ደሞዜን ከከለከለችኝ፣ እኔ ደግሞ ከቤቷ የደሞዜን ያህል ብወስድ ሌብነት ነው ወይስ የራሴን መውሰድ ነው?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ማንም አልሳቀም። ምክንያቱም ሁላችንም አንድ ቀን በልባችን ያሰብነው ጥያቄ ነው። መሪያችን «እስቲ አንቺ አጥንተሽ ጻፊልን» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ለምን ለእኔ እንደሰጠችኝ እኔና እሷ እናውቃለን። እናንተም አሁን ታውቃላችሁ።

1. ያዕቆብም በሰው ቤት ሠራተኛ ነበር

ያዕቆብ ከአገሩ ሸሽቶ ወደ አጎቱ ወደ ላባ ቤት ሲደርስ ላባ አቅፎ ሳመው፤ ሥጋዬና አጥንቴ ነህ አለው (ዘፍ. 29፥13-14)። እኛም ስንመጣ «አንቺ ለኔ እንደ ልጄ ነሽ» ተብለናል አይደል? ከዚያ በኋላ ግን ላባ ለራሔል ብሎ ያሠራውን ሰው በልያ አታለለው። ያዕቆብ በአጠቃላይ ሃያ ዓመት ሠራ፤ ዐሥራ አራቱን ዓመት ለሁለቱ ሴቶች ልጆች፣ ስድስቱን ዓመት ለመንጋ። ደሞዙም ዐሥር ጊዜ ተለዋወጠበት (31፥41)።

ደሞዝ መለዋወጥ ምን እንደሆነ በሊባኖስ ያለን ሰዎች አስተማሪ አያስፈልገንም። እኔ የመጣሁት በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። የተስማማሁት በወር 200 ዶላር ነበር። በ2020 ሊራው ሲወድቅ «ዶላር የለም» ተብዬ በድሮው ሒሳብ 300,000 ሊራ ይሰጠኝ ጀመር። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ውጭ ገበያ አንድ ዶላር ወደ 8,000 ሊራ ገደማ ነበር። አስሉት፤ አርባ ዶላር እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ቤት ውስጥ ስለነበርኩ ጌታን አመሰገንኩ፤ በዚያው ጊዜ ስንት እህቶቻችን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ ተጥለው አስፋልት ላይ አድረዋል። በ2021 ደግሞ «ዶላር ስናገኝ አንድ ላይ እንሰጥሻለን» አሉኝና አራት ወር ምንም ሳይሰጡኝ ቀሩ። 800 ዶላር ማለት ነው። እናቴ ደውላ የወንድሜን የትምህርት ቤት ክፍያ ስትጠይቀኝ ስልኩን ዘግቼ «ኔትወርክ ነው» እላት ነበር።

2. እግዚአብሔር ስለ ደሞዝ ይቆጣል

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጀመሪያ ይታወቅ። አንዳንድ ሰው «ክርስቲያን ከሆንሽ ዝም በይ፣ ቻይው» ይለናል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንደዚያ አይልም። በዘሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛ ደሞዝ እስከ ነገ ጠዋት እንኳ እንዳይቆይ ታዝዟል። በዘዳግም 24፥14-15 ይህ ሕግ ለአገሩ ሰው ብቻ ሳይሆን ለመጻተኛውም ነው፤ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈለው ይላል። ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥4 ላይ የተከለከለው ደሞዝ ራሱ እንደሚጮህ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደገባ ይናገራል። ስለዚህ እህቴ፣ ደሞዜን ስጡኝ ማለት ትዕቢት አይደለም፣ አለማመንም አይደለም። እግዚአብሔር ራሱ ከአንቺ በፊት ጠይቋል።

3. ራሔል ምን አደረገች?

ላባ የበደለው ያዕቆብን ብቻ አይደለም። ራሔልና ልያም አባታችን ሸጠን፣ ገንዘባችንንም በላው ብለው ያዝናሉ (31፥15)። ቅሬታቸው እውነት ነው። ራሔል ግን አባቷ በጎቹን ሊሸልት በሄደ ጊዜ የቤቱን ጣዖት ሰረቀች፤ ለባሏም አልነገረችውም። ለምን እንደወሰደችው መጽሐፉ አይነግረንም። ምናልባት «ከበላብኝ ላይ ነው የወሰድኩት» ብላ ይሆናል። ላባ ተከትሎ ሲደርስባቸው ከግመሉ ኮርቻ ውስጥ ሸሸገችው፤ በላዩም ተቀመጠች፤ የሴት ልማድ ስላለብኝ ልነሣ አልችልም አለች (31፥34-35)።

እህቶቼ፣ ያን ኮርቻ አውቀዋለሁ። የእኔ ትራስ ነበር።

አራተኛው ወር ላይ ልብስ ላጥብ የሚስተርን ሱሪ ኪስ ስፈትሽ የታጠፈ 100 ዶላር አገኘሁ። እጄ ላይ ሆኖ ልቤ «የራስሽ ነው፣ እንዲያውም 700 ይቀራቸዋል» አለኝ። ትራሴን ተርትሬ ከተትኩትና ሰፋሁት። ሦስት ሌሊት ተኛሁበት ልበል? አልተኛሁም።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ሳምንት ስለ ደሞዜ ማዳምን ልናገራት ወስኜ ነበር። የምናገረውን ዓረብኛ እንኳ ስለማመድ ሰንብቻለሁ። አሁን ግን ፊቷ ስቆም አፌ አልከፈት አለ። ገንዘብ የሚል ቃል ከአፌ ከወጣ የትራሴን ነገር የምታውቅ መሰለኝ። አያችሁ፣ መቶው ዶላር ስምንት መቶውን ዘጋብኝ። ጠላት እንዲህ ነው፤ ትንሽ ሰጥቶ ትልቁን አፍሽን ይወስዳል።

4. የሚፈተሸው የማን ድንኳን ነው?

ይህንን ክፍል ስታነቡ ቁጥር 33ን እንዳታልፉት። ላባ የያዕቆብን ድንኳን ፈተሸ፣ የልያን ፈተሸ፣ የሁለቱን ገረዶች ድንኳንም ፈተሸ፤ ምንም አላገኘም። ገረዶቹ ዘለፋና ባላ ናቸው። እነሱ ምንም አላደረጉም። ዕቃ ሲጠፋ ግን የገረድ ሻንጣ ይከፈታል። ያኔም ያው ነው። ደግሞም ያዕቆብ ራሔል መስረቋን ሳያውቅ፣ አምላኮችህ የተገኙበት ሰው በሕይወት አይኑር ብሎ ተናግሮ ነበር (31፥32)። የሚወዳት ሚስቱ ላይ መፍረዱን አላወቀም።

በእኛ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ በሰዓት እየመጣች መስኮት የምታጸዳ አንዲት የባንግላዴሽ ሴት ነበረች። ሚስተር ገንዘቡን ሲያጣ ማዳም እሷን ኩሽናው በር ላይ አስቁማ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ደፋችው። ሻርፕ፣ ነጠላ ጫማ፣ የአንድ ልጅ ብስኩት። ሌላ ምንም የለም። ልጅቷ እያለቀሰች ዕቃዋን ለቀመች። «ሁለተኛ እንዳትመጪ» ተባለች። እኔ መወልወያ ይዤ እዚያው ቆሜ ነበር። ምንም አልተናገርኩም።

በዚያ ሌሊት በስልኬ ይህንን ምዕራፍ አነበብኩ፤ በኅብረታችን ዘፍጥረትን እያጠናን ነበር። የገረዶቹ ድንኳን ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ።

5. ንጹሕ እጅ ይናገራል

ያዕቆብ ጻድቅ ስለነበረ አይደለም፤ አባቱን ያታለለ ሰው ነው፤ ከላባ ቤትም ሳይነግረው ነው የወጣው። በላባ ንብረት ግን እጁ ንጹሕ ነበር። ስለዚህ ላባን ቀና ብሎ አየውና፣ ዕቃዬን ሁሉ በረበርህ፣ የአንተ የሆነውን ካገኘህ በሰው ሁሉ ፊት አኑረው አለው። ከዚያ ሃያውን ዓመት ቆጠረለት፦ የቀኑን ሐሩር፣ የሌሊቱን ቁር፣ ያጣውን እንቅልፍ፣ አውሬ የበላውን እንኳ ከራሱ እንደከፈለ (31፥37-40)። ያዕቆብ ዝም አላለም፤ ግን አልሰረቀም። ሁለቱን አንድ ላይ ያዘ። እግዚአብሔርም ልፋቱን አየና ላባን በሕልም ገሠጸው (31፥24 እና 42)።

እኔ በሌሊት ለታላቅ እህታችን ደውዬ ሁሉን ነገርኳት። አልቆጣችኝም። «ጠዋት ስትሰጪያቸው ስልክሽን አትዝጊ፤ ነገር ከመጣ የት እንዳለሽ ልወቅ» አለችኝና አብረን ጸለይን። ጠዋት ትራሴን ተርትሬ ገንዘቡን ለማዳም ሰጠኋት፤ ያቺ ሴት እንዳልወሰደችም ነገርኳት። ማዳም «ሐራሚዬ!» ብላ ጮኸች። ሚስተር «ከደሞዟ ይቆረጥ» አለ። እኔ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ «ከየትኛው ደሞዜ? አራት ወር አልተከፈለኝም» አልኩና የጻፍኩበትን ደብተር ከፈትኩ። ወሩ፣ ቀኑ፣ የተሰጠኝ ሁሉ ተጽፏል። ሚስተር ደብተሩን ረጅም ሰዓት አየው።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ 500 ዶላር ሰጡኝ። 300ው እስከ ዛሬ አልተከፈለኝም። ኮንትራቴን ጨርሼ ከዚያ ቤት ወጥቻለሁ። ያቺን ሴት ግን መልሰው አልጠሯትም። ስልኳ አልነበረኝም፤ ስሟን እንኳ በትክክል አላውቅም። ጌታ ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ፤ እሷን ግን ይቅርታ አልጠየቅኳትም። በመንገድ ላይ የባንግላዴሽ ሴት ሳይ አሁንም ፊቷን አያለሁ። የተሰረቀ ነገር ባለቤቱን ብቻ አይጎዳም፤ በመሃል የቆመችውን ምስኪን ይጎዳል።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ. ጻፊ። በትንሽ ደብተር የሠራሽበትን ወር፣ የተቀበልሽውን፣ የቀረውን ጻፊ። የሚያምኑሽ ሰዎች ዘንድ በስልክ ፎቶ ላኪው። ያዕቆብ ዓመቱንም የደሞዙን ለውጥም ቆጥሮ ያውቅ ነበር።

ለ. በግልጽ ጠይቂ። በቁጣ ሳይሆን በቁጥር። ብቻሽን ከፈራሽ ለኅብረቱ እህቶች ንገሪ።

ሐ. ሌብነት ያልሆነውን ሌብነት አትበይው። ርቦሽ ከማብሰያው ምግብ ብትበዪ ኅሊናሽ አይክሰስሽ፤ የሚያበራየውን በሬ እንኳ አፉን እንዳታስሩ የሚል አምላክ ነው ያለን (ዘዳ. 25፥4፤ 1ጢሞ. 5፥18)። ፓስፖርትሽም ያንቺ ነው፤ ስምሽና ፎቶሽ ያለበት ነው። እሱን መውሰድ የራሔል ሥራ አይደለም።

መ. የወሰድሽው ካለ መልሺ። ዘኬዎስ መልሷል (ሉቃ. 19፥8)። ግን ብቻሽን አታድርጊው። የሁላችን ቤት አንድ አይደለም፤ በአንዱ ቤት ጩኸት ብቻ ነው፣ በሌላው ዱላና ፖሊስ ሊኖር ይችላል። አስቀድመሽ ለታላቆች ንገሪ፤ እንዴትና መቼ እንደሚሻል አብረን እንጸልይ፣ አብረን እናስብ።

በመጨረሻ፣ ያዕቆብ ወደ ቤቴል ሲወጣ ቤተ ሰቡ በእጃቸው ያለውን የእንግዳ አምላክ ሁሉ አወጡለት፤ በሴኬም አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ቀበረው (35፥2-4)። ተደብቆ የመጣ ነገር መጨረሻው መሬት ሆነ። ለማንም አልጠቀመም።

ያቺ እህት ለጠየቀችው ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው፦ አዎ፣ ሌብነት ነው፤ የበደሉሽም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አያጥበውም። እጅሽን ንጹሕ አድርጊና አፍሽን ክፈቺ።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. ያዕቆብና ራሔል በአንድ ሰው ተበደሉ። መልሳቸው በምን ይለያል?
2. እኔ የሠራሁት ስህተት ሌላ ሰው ላይ የወደቀበት ጊዜ አለ? ያ ሰው ዛሬ ቢገኝ ምን እለዋለሁ?
3. በዚህ ሳምንት ደብተሬ ላይ የምጽፈው የትኛውን ወር ነው?

በቃል የሚጠና፦ ኤፌሶን 4፥28

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ የተከለከለውን ደሞዛችንን አንተ ታያለህ። ከኮርቻችን ሥር ያለውንም ታያለህ። ሁለቱንም በፊትህ እናወጣለንና ምሕረትህን ስጠን። በእኛ ምክንያት ያለቀሰችውን እህት አንተ ባለችበት አጽናናት። አሜን።

እህታችሁ በጌታ