ለአጭር ጊዜ ወደ ስካንዲናቪያ ዋና ከተሞች የሚጓዝ የቡና ነጋዴ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች

ስቶክሆልምን፣ ኦስሎንና ኮፐንሃገንን በአንድ ጉዞ መጎብኘት ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ሦስቱንም አገሮች በተከታታይ ጎብኝተዋል። ዛሬ ከቢታ ገነት ወይም ከቦንጋ የሚነሣ የቡና ነጋዴ ይህንኑ መንገድ በ5 የሥራ ቀን ሊፈጽመው ይችላል። ይሁን እንጂ ለአውሮፕላን፣ ለሆቴልና ለምግብ የሚወጣው ገንዘብ ቀላል ስላልሆነ፣ ጉዞው ትርፍ የሚሰጠው አስቀድሞ በአገር ቤት በሚገባ የተሰናዳ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

1ኛ/ ስለ ገበያው ጠባይ

የእነዚህ አገሮች ሕዝብ በዓለም ብዙ ቡና ከሚጠጡት ወገን ነው። በተለይም ጥራት የሚመርጡ ድርጅቶች ቡናውን ሳይጠቁር ለዘብ አድርገው ይቆሉታል። በዚህም ምክንያት የፍሬው የተፈጥሮ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል፤ የአለቃቀምና የአደራረቅ ጉድለቱም እንዲሁ አይሸሸግም። ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የካፋ ደን ለቡናው ስም ሆኖታል፤ ነገር ግን ስም በር ያስከፍታል እንጂ ሸቀጡን አይሸጥም።

2ኛ/ ስለ ጊዜ

የካፋ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለ ሆነ፣ አዲስ ናሙና ይዞ ለመቅረብ የካቲትና መጋቢት ይመቻሉ። በሐምሌ ብዙ ሠራተኛ ዕረፍት ይወጣል። የፋሲካቸው ሳምንትም፣ በተለይ በኖርዌይ፣ ሥራ የሚቆምበት ነው፤ ቀኑ ከእኛ ፋሲካ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

በሰዓትም ረገድ ጥንቃቄ ይገባል። በኮፐንሃገን «9 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በዚያ አገር 10 ደቂቃ ዘግይቶ መድረስ እንደ ቸልታ ስለሚቈጠር፣ በሰዓት አቆጣጠር መሳሳት ቀጠሮውን ፈጽሞ ሊያሳጣ ይችላል።

3ኛ/ ስለ ቪዛ

ሦስቱም አገሮች በሸንገን ስምምነት ውስጥ ስለ ሆኑ አንድ ቪዛ ይበቃል። ማመልከቻው ብዙ ቀን ለሚቈዩበት አገር፣ ቀኖቹ እኩል ከሆኑም መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ይቀርባል። ቢያንስ የ30,000 ዩሮ የጤና መድን ያስፈልጋል።

4ኛ/ ስለ መንገዱ አመራረጥ

ብዙ ሰው ገዢው ሁሉ በዋና ከተማ የሚገኝ ይመስለዋል። በስዊድን ግን ታላላቆቹ ቡና የሚቆሉ ድርጅቶች ከስቶክሆልም ውጭ ናቸው፤ ጌቫሊያ በዬቭሌ፣ ሎፍበርግስ በካርልስታድ፣ ዞጋስ በሄልሲንቦርግ ይሠራሉ። ካርልስታድ ደግሞ ከስቶክሆልም ወደ ኦስሎ በሚወስደው የባቡር መንገድ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በኮፐንሃገን ገብቶ ከኦስሎ የሚመለስ ትኬት የያዘ ነጋዴ ሰኞና ማክሰኞን በኮፐንሃገን፣ ረቡዕን በስቶክሆልም፣ ሐሙስን በካርልስታድ፣ ዓርብን በኦስሎ ሊያውለው ይችላል። ከኮፐንሃገን ወደ ስቶክሆልም በባቡር 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ በማክሰኞ ማታ መጓዝ አንድ የሥራ ቀን ያተርፋል።

ናሙናው ከነጋዴው ጋር ሳይሆን፣ አስፈላጊው ወረቀት ተሟልቶለት ከብዙ ሳምንት በፊት ቢላክ ይሻላል። ገዢው አስቀድሞ ቆልቶ ከቀመሰው፣ በቀጠሮው ዕለት ንግግሩ ከመተዋወቅ አልፎ ስለ ዋጋና ስለ መጠን ይሆናል።

ስለ ገንዘብም፣ ሦስቱ አገሮች በየራሳቸው ክሮነር ወይም ክሮና እንጂ በዩሮ አይገበያዩም፤ በስዊድንም ብዙ ሱቆች በካርድ ብቻ ይቀበላሉ።

5ኛ/ ስለ ደን ሕግ

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና በገበያው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢተላለፍም፣ ገዢዎች የማሳውን ሥፍራ መጠየቃቸው አይቀርም። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ የቡና ማሳ አንድ የሥፍራ ነጥብ ይበቃል። ስለዚህ የቢታ ነጋዴ የገበሬዎቹን ማሳ መዝግቦ ቢሄድ ከሌላው ይቀድማል። ዴንማርክና ስዊድን የኅብረቱ አባሎች ሲሆኑ ኖርዌይ አባል ስላልሆነች፣ በኦስሎ ጥያቄውን ለብቻው ማቅረብ ይገባል።

6ኛ/ ስለ ተስፋና ስለ ቃል

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት በደስታ ብዛት የማይፈጸም ቃል መስጠት ነው። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይይዛል። ነጋዴው ይህን ያህል ቡና በአንድ ዓይነት ጥራት ከየትኞቹ ገበሬዎች እንደሚያገኝ ሳያውቅ «እልካለሁ» ቢል፣ ጉድለቱን ከሌላ ሥፍራ ቡና ለመሙላት ይገደዳል። ገዢውም በቅምሻ ጊዜ ይደርስበታል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ሰው ደንበኛ ብቻ ሳይሆን፣ ቀይ ፍሬ ለይቶ የለቀመው ገበሬ ተስፋና የአካባቢው ስም ጭምር ነው። 50 ጆንያ ተስማምቶ 50ውን መላክ ከዚህ እጅግ ይሻላል።

ነጋዴው ወደ አገሩ በተመለሰ በሳምንቱ ውስጥ፣ ያነጋገረውን እያንዳንዱን ሰው በደብዳቤ አመስግኖ የተባባሉትን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ገበሬዎቹንም ሰብስቦ ገዢዎቹ ስለ ቡናው ያሉትን፣ ምስጋናውንም ነቀፋውንም ሳይደብቅ ይንገራቸው። የ5 ቀን ጉዞ ፍሬው የሚታየው በሚቀጥለው ጥቅምት በለቀማው ላይ ነውና።